ሠላሳ አንድ የሌለው ወር

የሥራ ባልደረቦቿ «ቃል በቃል» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አጠገቧ ባለው ጠረጴዛ የሚቀመጠው ፕሮግራመር ነው፤ እሷም ብድሯን መልሳ «መቀስ» ብላዋለች። ሁለቱም ስሞች ልክ ናቸው። እሷ ሌሎች የጻፉትን ኮድ ከአንድ የፕሮግራም ቋንቋ ወደ ሌላ ስታሻግር አንዲት መስመር አትዘልም፤ እሱ ደግሞ የተንዛዛ ነገር ካየ ሳይቆርጠው ምሳ አይበላም። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ያስቀመጠ አለቃ ወይ ብልህ ነው ወይ ሥራ ፈት።

መሥሪያ ቤታቸው ከጎማ መጠገኛ በላይ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ታች ጎማ በተነፋ ቁጥር ላይ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። የእሷ ሥራ ግን ድምፅ የለውም። ፕሮግራመሮች በነጻ ጽፈው፣ የፈለገ ይውሰደው ብለው ደጅ ላይ የሚያስቀምጡት ኮድ አለ፤ ላይብረሪ ይሉታል። የስልክ አፕ የሚሠራ ሰው ሁሉን ነገር ከባዶ አይጀምርም፤ አንዱን ላይብረሪ ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ አምጥቶ ያገጣጥማል። እሷ የምትጠብቀው ላይብረሪ የቀን ስሌት የሚያወጣ ነው። «በየሳምንቱ ማክሰኞ»፣ «በየሁለት ወሩ»፣ «በየወሩ መጨረሻ» ተብሎ ሲነገረው ስልኩ ቀጥሎ መደወል ያለበትን ቀን ይናገራል። መጀመሪያ የጻፉት በአካል አይታቸው የማታውቅ ሰዎች ናቸው፤ የጻፉትም ባረጀ ቋንቋ ነው። እሷ ስልክ ወደሚገባው ቋንቋ አሻገረችው። የፊተኛውን «እናትየዋ»፣ የራሷን «ልጅቷ» ትላቸዋለች፤ ስለ ሰው የምታወራ የሚመስላቸውም ነበሩ።

እናትየዋ ሆድ ውስጥ አንድ ረጅም ፈንክሽን፣ አንድ ሥራ ለመሥራት የተደረደረ የትእዛዝ ክምር፣ አለ። «ይህ ከሆነ እንዲህ አድርግ፣ ካልሆነ ወደዚያ ሂድ» እያለ ቅርንጫፍ ላይ ቅርንጫፍ ያበቅላል፤ ከላይ የጀመረ ሰው ታች ሲደርስ በየት እንደገባ ይጠፋዋል። መቀስ ባየው ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። ወደ ትናንሽ ቁርጥራጭ እንለውጠው፣ ሰው ያንብበው፣ እያለ ስንት ጊዜ ለመናት። እሷ ግን ሕግ ነበራት፣ ሕጓም የግትር ሰው ሕግ ብቻ አልነበረም። እናትየዋ በየጊዜው ትታረማለች። ልጅቷ መስመር በመስመር እናቷን ከመሰለች፣ እርማት ሲመጣ የት እንደሚገባ ወዲያው ይገኛል። አሳምሮ የቆራረጠ ሰው ግን እርማቱን ይዞ ደጅ ለደጅ ሲዞር ይውላል። ሁለት ዓይነት ውስብስብ ከመጠበቅ አንዱን ውስብስብ እንዳለ መጠበቅ ይሻላል ባይ ናት።

ያንን ፈንክሽን ስታሻግር አንድ ስህተት አገኘች። በስልኩ አቆጣጠር አንዱ ወር ሠላሳ አንድ ቀን አለው፣ ሌላው ሠላሳ ላይ ያበቃል። «በየወሩ መጨረሻ» የተባለ ቀጠሮ በረጅም ወር ከተጀመረ፣ እናትየዋ «መጨረሻ» የሚለውን ትታ «ሠላሳ አንድ» ብላ ትይዘዋለች። ከዚያ አጭሩ ወር ሲመጣ ሠላሳ አንድን ትፈልጋለች፣ ታጣዋለች፣ ወሩን እንዳለ ዘላ ታልፋለች። ስልኩ ዝም ይላል።

ለእናትየዋ ጠባቂዎች ጻፈችላቸው። አመስግነው መለሱላት፤ እናውቀዋለን፣ ትልቁን የኮድ ጽዳት ስንጀምር አብሮ ይታረማል አሉ። መቀስ «እኛ ዘንድ ሁለት መስመር ናት፣ ዛሬውኑ ላርማት» አለ። አልሰማችውም። «እናትየዋ ሳትታረም ልጅቷ አትታረምም» አለችው። ይባስ ብላ ሙያው የሚያዘውን አደረገች፤ ለእያንዳንዱ የኮዱ ጠባይ መፈተኛ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ ለዚያ ስህተትም መፈተኛ ጻፈችለት። መፈተኛው በአጭር ወር ደወል ከተሰማ ቀይ ያበራል፣ ዝምታ ከሆነ አረንጓዴ። ዝምታው ልክ ሆኖ ተመዘገበ ማለት ነው። መቀስ አይቶ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አላት፣ እሷም ከልቧ ሳቀች። ያኔ ነገሩ የሚያስቅ ነበር።

አባቷ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። በሰፈሩ ሰዎች ሰዓታቸውን በእሳቸው አውቶቡስ ይሞሉ ነበር ይባላል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው በሚታይበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። በመስኮት ሆነው የሚያልፈውን አውቶቡስ ሁሉ ይገመግማሉ፤ ይሄ ፍሬን አያውቅም፣ ያ ደግሞ ሙሽራ የያዘ ይመስል ይሳባል፣ እያሉ።

ታላቅ ወንድማቸው ከከተማው ዳር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነበሩ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ራሳቸውን መላጨት አይችሉም፤ ሌላ ሰው ምላጭ ይዞ እንዲጠጋቸው ደግሞ አይፈልጉም። አንገቴን የምሰጠው ለወንድሜ ብቻ ነው ይላሉ። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ፣ የመጠየቂያው ቀን ሲደርስ፣ አባቷ ምላጭና ፎጣ ይዘው ይሄዳሉ። ሁለት ሽማግሌዎች በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ሌላው ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ ብዙም ሳይነጋገሩ ይላጫሉ። ሲያልቅ ታላቅየው ጉንጫቸውን ዳበስ አድርገው «አሁን ሰው ሆንኩ» ይላሉ። ወሩን ሙሉ የሚጠብቁት ይህን ነበር።

ከዚያ የአባቷ ልብ መዘንጋት ጀመረ። ወተት ጥደው ይወጣሉ፣ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክተው ያድራሉ፣ አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። በሌላ ከተማ ያለችው ታላቅ እህቷ እኔ ጋ ይምጣ ማለት አበዛች። አባቷ ግን «ዕድሜ ልኬን መሪ ይዤ፣ ዛሬ ኋላ ወንበር አልቀመጥም» አሉ። ብቻቸውን የሚቆዩ ከሆነ የሚያስታውሳቸው ነገር ያስፈልጋል ተባለና እሷ በስልካቸው ላይ አስታዋሽ ጫነችላቸው። ከብዙዎቹ አፖች ያንን የመረጠችው ሆዱ ውስጥ ያለው የቀን ስሌት የራሷ እጅ ሥራ ስለሆነ ነው፤ ኩራት ቢጤ ነበረባት። «ወንድሜን መላጨት» ብላ ጻፈች፣ «በየወሩ መጨረሻ» የሚለውን መረጠች። አፑ «ተደርጓል» የሚለው እስኪነካ ድረስ በየጥቂት ደቂቃው እየደጋገመ ይደውላል፤ ለእንደሳቸው ያለ ሰው የተሠራ ነው ብላ ደስ አላት።

ስህተቱ ትዝ አላላትም። የሚገርመው እሱ ነው። ያገኘችው እሷ፣ የጻፈችለት እሷ፣ አረንጓዴ ያበራችለት እሷ። ግን ያ ቅርንጫፍ ከሌሎቹ መቶ ቅርንጫፎች ጋር ተደባልቆ ነበር፤ የዚያን ቀን ሶፋ ላይ የተቀመጠችው ደግሞ ለአባቷ መነጽር እየጠረገች ስልክ የምታስለምድ ልጅ እንጂ ባለሙያዋ አልነበረችም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ሁለት ረጃጅም ወሮች ተከታተሉ። ስልኩ ሁለቱንም ጊዜ ደወለ፣ አባቷም ምላጫቸውን ይዘው ሄዱ። ሦስተኛው ወር አጭር ነበር። ስልኩ ዝም አለ። አባቷ ደወሉን አምነው ቀን መቁጠር ትተው ነበርና መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አውቶቡስ ሲገመግሙ ዋሉ። እሷም ይደወልላቸዋል ብላ ሥራዋ ላይ ነበረች።

በዚያው ሳምንት ታላቅየው በእንቅልፋቸው ሞቱ።

አስከሬን ሊቀበሉ ሲሄዱ የመጦሪያው ነርስ፣ ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ያየችውን ነገረቻቸው። በመጠየቂያው ቀን ከጠዋት ጀምሮ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው በረንዳ ላይ ተቀመጡ አለች። «ሲመሽ እኔ ልላጭዎት ብላቸው፣ ወንድሜ ይመጣል እንጂ አሉኝ» አለች። አስከሬኑን ለአባቷ ሲያሳዩአቸው የወንድማቸው ጢም አድጎ፣ ነጭ ሆኖ፣ ጉንጫቸውን ሸፍኖት ነበር። አባቷ በእጃቸው ጀርባ ጢሙን ነካ አደረጉት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ረሳሁት» አሉ።

ከቀብር መልስ የቤታቸውን ቁልፍ አውጥተው እጇ ላይ አስቀመጡት። ምላጩንም እንዲሁ። ለእህትሽ ንገሪያት፣ ኋላ ወንበሩ ይሻለኛል አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በቀልድ ትመልስላቸው ነበር።

ስልካቸውን የከፈተችው የዚያን ዕለት ከሰዓት፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው። አባዬ ደወሉን ሰምቶ ዘግቶት ይሆን ብላ ነበር። አስታዋሹ ያለፈውን ወር ጭራሽ አልቆጠረውም፤ «ቀጣዩ ደወል» ብሎ የሚያሳየው አሁን የተያዘውን ወር ሠላሳ አንድ ነው። አንድ ጊዜ አይታ ገባት። ፈንክሽኑ፣ ቅርንጫፉ፣ መፈተኛው፣ የመቀስ ቀልድ፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጣ።

ለጥቂት ጊዜ ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። አፍራ ነበር፣ ፈርታም ነበር። ግን አባቷን ማየት አልቻለችም። እኚያ ሰው ሁሉን ነገር መጠየቅ ጀመሩ። ሻይ ላፍላ? በሩን ልክፈት? ዛሬ ልተኛ? ወንድሙን የረሳ ሰው በምን ይታመናል፣ ይላሉ። አውቶቡስ እንኳ አይገመግሙም። የእህቷ ባል በወሩ መጨረሻ መኪና ይዞ ሊወስዳቸው ተቆረጠ። ልባቸው መዘንጋቱ እውነት ነው፣ ግን ያንን ቀን ያጠፋው የእሳቸው ልብ አልነበረም፤ እሷ ካልተናገረች የማያውቁትን ጥፋት ተሸክመው ከቤታቸው ይወጣሉ። ስለዚህ ነገረቻቸው።

አላመኗትም። ሁሉን ሰምተው ራሷን ዳበስ አደረጉና «ጥፋቴን ልትሸከሚልኝ ነው አይደል፣ እናቴ? አንጀትሽ አልችል ብሎ ነው» አሏት። ኮዱን በኮምፒዩተሯ ከፍታ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ያን ረጅም ፈንክሽን ከላይ እስከ ታች አዩት። ይሄማ የጉንዳን መንገድ ነው፣ ሰው ምን ያየዋል አሉ። እውነታቸውን ነው። እዚያ ውስጥ ጥፋቷን ልታሳያቸው አትችልም፤ እሷ ራሷ እንኳ አግኝታው ረስታው ነበር።

በማግሥቱ ገና ወንበሯ ላይ ሳትቀመጥ ለመቀስ «እንቁረጠው» አለችው። መቀስ ስንት ዓመት የጠበቀው ቃል ነበር። ፊቷን ሲያይ ግን ምንም አልቀለደም፤ ወንበሩን ሳብ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ። ያንን ሳምንት ሁለቱ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እየሄዱ፣ ይህ ለምን ተጻፈ፣ ይህ ማንን ይጠብቃል እየተባባሉ ፈቱት። የማይገባቸውን ከመቁረጣቸው በፊት መፈተኛ ይጽፉለታል፤ የተደጋገመውን ወደ አንድ ያመጣሉ። እያንዳንዱን ቁራጭ የምትመዝነው በአንድ ሚዛን ነበር፦ አባቴ ይህን ቢያይ ይገባዋል ወይ? የድሮውን መፈተኛ ገለበጠችው፤ ዝምታ ቀይ እንዲያበራ አደረገች። ላይብረሪውን ለሚጠቀሙ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ልጅቷ ከእናቷ መለየቷን ጻፈች፤ የአባቷን አስታዋሽ የሠሩትም አዲሱን ወዲያው ወሰዱ። ዋጋውን ታውቃለች፤ ከእንግዲህ ከእናትየዋ የሚመጣውን እያንዳንዱን እርማት በእጇ እየፈተሸች ቦታ መፈለግ አለባት፣ ይህም ማለቂያ የለውም።

ብዙም ሳይቆይ የእናትየዋ ትልቅ ጽዳት አለቀ ተባለና ያ እርማት መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። የሚገባበት ቦታም አልነበረም።

ያረመችውን ኮድ ለአባቷ ያሳየቻቸው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። የቀረው ጥቂት መስመር ነበር። «አባዬ» አለቻቸው፣ «ይህ አስታዋሽ አውቶቡስ ነው እንበል። መጨረሻው ፌርማታ ሠላሳ አንድ ቁጥር ነው ተብሎ ወጣ። አንዳንድ መንገድ ላይ ግን ሠላሳ አንድ ቁጥር የለም፣ ሠላሳ ላይ ያበቃል። የድሮው ምን ያደርግ ነበር መሰለህ? ሠላሳ አንድን ሲያጣው መንገዱን ጭራሽ ትቶ ይመለሳል።»

አባቷ አሰቡ። ከቀብሩ ወዲህ ግንባራቸው እንደዚያ ሲቋጠር አላየችም ነበር።

«መንገደኛውን ጥሎ?»

«ጥሎ።»

«ይሄ ሹፌር አይደለም» አሉ በንዴት። «ከፊቱ ባለው ያቆማል እንጂ!»

«አሁን እንደሱ አድርጌዋለሁ። እዚህ ጋ፣ አየህ? ያኔ ግን ስህተቱን እያወቅኩ ትቼዋለሁ። ያን ቀን ስልክህ አልደወለም፣ አባዬ። አንተ አልረሳህም።»

አባቷ አለቀሱ፤ ለወንድማቸው ሲያለቅሱ ስታያቸው ያ የመጀመሪያው ነው። አልተቆጧትም። አንቺም እንደ ሰው ነሽ፣ ሁለታችንም ደወሉን አምነን ነው አሉ። አስታዋሹን ላጥፋው ስትላቸው አይሆንም አሉ፤ ይደውል፣ በዚያ ቀን ጋሼን አስብበታለሁ። ቁልፋቸውን ተቀበሏት፤ ምላጩን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። ብቻቸውን ደረጃውን ወርደው ዳቦ ገዝተው ተመለሱ፣ የመልሱንም ሳንቲም በትክክል። የዚያን ዕለት ለእህቷ ደውላ አባዬ የትም አይሄድም አለቻት።

ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለሰሚ ጥሩ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ መስኮቱ አጠገብ ጨለማ ፊት ይዘው ተቀምጠው አገኘቻቸው። «ወንድሜን ረሳሁት እኮ» አሏት። እንደገና አስረዳቻቸው፤ አውቶቡሱን፣ ፌርማታውን። «ይሄ ሹፌር አይደለም» አሉ፣ በዚያው ቃል፣ በዚያው ንዴት። ገባቸው፣ አለቀሱ፣ ይቅር አሏት። በሳምንቱ ደግሞ ረሱት። ማስረዳቷ ይጠፋል፣ ጸጸታቸው ግን አይጠፋም። ሰው በደሉን አንድ ጊዜ ተናግሮ ይገላገላል፤ እሷ ግን በየሳምንቱ እንደ አዲስ ትናገራለች፣ በየሳምንቱ እንደ አዲስ ፊታቸው ሲለወጥ ታያለች። የምትናገረውን እያሳጠረችው መጣች። የሚቆረጥ ሁሉ ተቆርጦ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀረ፦ አንተ አልረሳህም፣ እኔ ነኝ። እሱም አይቆይም።

ረጅሙ ወር ሲያልቅ ደወሉን ሰምተው፣ እንዳሉት ጋሼን አሰቡበት። ከዚያ ሠላሳ ላይ የሚያበቃው ወር ደረሰ። በመጨረሻው ቀን እሷ እዚያው ነበረች፤ ወጥ ቤት ሳህን እያጠበች። ስልኩ ደወለ። ፈጽሞ የማይደውልበት በነበረው ቀን፣ በትክክለኛው ሰዓት ደወለ። መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው፣ ምን ይደረግ፣ የሥራ ሰው ናት። እጇን ጠርጋ ወጣች።

አባቷ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ጫማቸውን አስረዋል። ምላጩን ከመሳቢያ አግኝተውት በፎጣ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘውታል። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ያላየችው ብርሃን ፊታቸው ላይ ነበር።

«አየሽ እናቴ፣ ዛሬ አልረሳሁትም» አሉ።

ይህን ቃል ከአፋቸው ለመስማት ነበር ያ ሁሉ ልፋቷ። አፏን ከፈተች። ብትነግራቸው ታላቅ ወንድማቸው ዛሬ፣ እዚህ በር ላይ፣ እንደገና ይሞታሉ፤ ጢማቸው እንዳደገ። አንዲት መስመር ዘላ የማታውቀው ሴት ዘለለች።

«አውቶቡሱ ገና ነው፣ አባዬ። እስኪመጣ ቁጭ እንበል» አለቻቸው።

«እንዳናረፍድበት ብቻ። ጋሼ በረንዳ ላይ ነው የሚጠብቀኝ።»

መስኮቱ አጠገብ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፎጣው ጉልበታቸው ላይ ነው። አንድ አውቶቡስ መጣ፤ ፍሬን አያያዙን አዩና ይሄስ ደህና ልጅ ነው አሉ፣ ግን አልተነሡም፤ የሚሄዱበት ቁጥር አልነበረም። ልጃቸው እጃቸውን ያዘች። ጠረጴዛው ላይ ስልኩ እንደገና መደወል ጀመረ፤ «ተደርጓል» እስኪባል ድረስ አይተውም። እሳቸው አልሰሙትም፣ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። ነጻ እጇን ዘርግታ «ተደርጓል» የሚለውን ነካችው።